ከሞልዱ ያልወጣው ፓራፋንጎ

በደብረ ማርቆስ በተካሄደው የተመራቂዎች ዳግም መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለ ሥራህ ተናገር ሲሉኝ ምን ይዤ ልምጣ ብዬ አሰብሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ያማረ ያማረውን አሳይተውናል፤ የሠሩትን ሕንፃ፣ የመሩትን ፕሮጀክት፣ ያሳተሙትን ጥናት። ደስ ይላል፣ ያኮራል። እኔ ግን ያመጣሁት ጠረጴዛው ላይ የምታዩትን ነገር ነው። ከኋላ ያላችሁ እንድታዩት ላንሣው። ይህ የባጃጅ የፊት ፓራፋንጎ ነው። ከላዩ የተጣበቀው ደግሞ እኔ በፋይበር ግላስ የሠራሁት ሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫው ነው። ሁለቱ በማግስቱ መለያየት ነበረባቸው። እንደምታዩት እስከ ዛሬ አልተለያዩም፤ በመጋዝ ካልሆነ በቀርም አይለያዩም። ፓራፋንጎው ደግሞ የእኔ አልነበረም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሥራ ሳላገኝ እናቴ ቤት ተቀመጥሁ። ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂ ነው። የፊት ፓራፋንጎው በግጭት ተጨማደደ፤ ባትላሜራ ቤት ወስዶ ቢያስቀጠቅጠውም አልስተካከል አለ። አዲሱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላከ፤ 300 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ከመግጠሙ በፊት “ሁለት ቀን አበድረኝ፤ ቅርጹን ልውሰድና እዚሁ እየሠራሁ ልሽጥ” አልሁት። “አንተማ ኢንጂነር አይደለህ፤ ውሰድ” አለኝ። ያቺ “ኢንጂነር” የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ሁለት ቀን ብዬ የወሰድሁትን ዕቃ ይኸው ዛሬም አልመለስሁትም። እናቴ ለፋሲካ ያሰረችውን በግ ሸጣ ለሰውዬው ሌላ ተገዛለት። በዓሉን ያለ በግ ዋልን። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሕተቱ ምን ነበር? እሱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ሥራው ልግባ።

ፋይበር ግላስ ሁለት ነገር ነው። አንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው፤ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይሸጣል፣ ማት እንለዋለን። ሁለተኛው ሬዚን ነው፤ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ። ሬዚኑን ሃርድነር ከተባለው ጋር ቀላቅለህ ማቱን ታርሰዋለህ፤ ከዚያ ይጠነክራል። ክሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ሬዚኑ ቅርጽ ይይዛል። ጭድና ጭቃ ማለት ነው፤ ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ግድግዳ ሲመረግ አይቷልና ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ላሜራ በፋብሪካ ሲቀረጽ የብረት ማተሚያ ያስፈልጋል። የብረት ማተሚያ እጅግ ውድ ነው፤ ወጪውን የሚመልሰው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዕቃ ሲወጣበት ነው። የፋይበር ሞልድ ግን በጓሮ ይሠራል፤ ሃምሳም መቶም ዕቃ ብታወጣበት አያከስርህም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1953 ኮርቬት የተባለችውን መኪና ሲጀምሩ አካሏን ከፋይበር ግላስ ነው የሠሩት፤ በመጀመሪያው ዓመት የወጡት 300 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ትልቁ ፋብሪካ ለ300 መኪና ይህን መንገድ ከመረጠ፣ በዓመት ጥቂት ደርዘን ፓራፋንጎ ለሚፈልግ ከተማ ይህ መንገድ የድሃ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ችግሩ ሬዚን ሙጫም መሆኑ ነው። የነካውን ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ ቅርጹ በሚወሰድበት ዕቃና በሞልዱ መካከል የሚያለያይ ነገር ይቀባል፤ ሰም። እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት። ሱቅ ውስጥ ያለው የመኪና ሰም ተወደደብኝ። ቤታችን ደግሞ የንብ ሰም ሞልቷል፤ ጎጃም አይደለን? “ሰም ሰም ነው” ብዬ የእናቴን ሰም አሙቄ ቀባሁ። ከዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ሃርድነሩን አበዛሁ፤ ቶሎ ልጨርስ ብዬም አምስቱን የማት ንጣፍ በአንድ ጊዜ ደረብሁ።

ሬዚን ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። በሳሳ ንጣፍ ሙቀቱ ወዲያው ወደ አየር ይሄዳል፤ በወፈረ ንጣፍ ውስጥ ግን ይታፈናል፤ ሃርድነር ከበዛበት ደግሞ ይብሳል። እጄን ባስጠጋ አቃጠለኝ። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ለሞልድ የሚሸጠው ሰም ካርናውባ ከተባለ የብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ሲሆን እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ይጸናል። የእናቴ ሰም ቀለጠ፣ ሸሸ፤ ሬዚኑ በቀጥታ ፓራፋንጎውን ያዘ። በቃ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ሙቀት የሚያወጣ ኬሚካዊ ለውጥ ምን እንደሆነ በፈተና ተጠይቄ መልሻለሁ። የንድፈ ሐሳቡን ነጥብ አግኝቻለሁ። ጓሮ ውስጥ ግን ባልዲው እጄ ላይ ሲግል የተማርሁት ነገር መሆኑን አላወቅሁትም። ጥፋቱን በማንም አላሳብብም፤ በወርክሾፕ ሰዓት የላብ ሪፖርት ከጓደኛዬ እየገለበጥሁ ቡና ቤት የምቀመጠው እኔው ነበርሁ። ያ ጓደኛዬ ዛሬ እዚህ አዳራሽ አለ፤ እየሳቀ ነው።

እንግዲህ ስለ ሰም ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። የምንገኘው በቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያሉት እዚሁ ጎጃም ነው። “ሰምና ወርቅ” የሚለውን ሁላችንም እንለዋለን፤ ቃሉ የመጣው ግን ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብረት ይገባል። ይህ ሞልድ ነው። ለስንት መቶ ዓመት ስንሠራው የኖርነው ነገር ነው። ልዩነቱ የአንጥረኛው ሰም መቅለጥ ያለበት፣ የእኔ ሰም ደግሞ መቅለጥ የሌለበት መሆኑ ነው። ባለቅኔዎቹ ቃሉን ወስደው አከበሩት፤ ቃሉን የሰጠውን ባለሙያ ግን ቡዳ አልነው።

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ፓራፋንጎው ከተጣበቀ በኋላ ሌላ ኦሪጅናል የሚያበድረኝ ሰው አጣሁ፤ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቅርጹን ራሴ በሸክላ ጭቃ ለመሥራት ተነሣሁ። ጭቃው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ሦስት ጊዜ ፈረሰብኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ እናት ነበሩ፤ ገበያ ላይ አግኝቼ ነገርኋቸው። ሣቁብኝ። “ልጄ፣ ጭቃውን ፀሐይ ላይ ነው የምታሰጣው? በላዩ ሲደርቅ ሆዱ እርጥብ ነው፤ ምን ይሁን፣ ይሰነጠቃል እንጂ” አሉ። ገል ፈጭቼ እንድቀላቅልበት፣ በጥላ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀስ እንዲደርቅ፣ ከዚያም በለሰለሰ ድንጋይ እንድፈትገው አሳዩኝ። ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ተማርሁ። ገንዘብ ብሰጥ አልተቀበሉኝም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ግን ከበጉ ይልቅ በዚህ አዘነች። “ተምረህ ተመርቀህ ከሸክላ ሠሪ ዘንድ ጭቃ ልታቦካ?” አለችኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በእጁ ሠርቶ የሚኖረውን ሰው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ከመንገድ ጠፋ ይሆናል፤ ከሆዳችን ግን አልወጣም። እኔም ብሆን ወደ እኚያ እናት ስሄድ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ነበር የምዞረው። ዛሬ ይህን በአደባባይ የምናገረው ያን ለመካስ ነው።

አሁን ሥራው በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ምናልባት የሚሞክር ይኖራል።

መጀመሪያ ዕቃው ከሞልዱ መውጣት ይችል እንደሆነ ማየት ነው። የቡና ስኒ አስቡ። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው፤ በውስጡ የጠነከረ ነገር ቢኖር ገልበጥ ብታደርገው ይወጣል። አሁን ደግሞ ብርሌ አስቡ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ በውስጡ የጠነከረው ነገር ብርሌው ካልተሰበረ አይወጣም። ዕቃህ ስኒ ከሆነ አንድ ሞልድ ይበቃል፤ ጎኖቹ ሁለት ሦስት ዲግሪ ዘመም ይበሉ። ብርሌ ከሆነ ሞልዱን ለሁለት ከፍለህ፣ ጠርዝ አውጥተህ፣ በቡሎን የሚገጥም አድርገህ ነው የምትሠራው። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያይ ይጀምራል፤ የሚያየው ሊያወጣ ሲታገል ነው።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ቅርጽ ልስላሴ ነው። ቅርጹን በጭቃ ወይም በጀሶ ታወጣለህ፣ ሲደርቅ ቀዳዳው እስኪደፈን ቀለም ትቀባዋለህ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ትሞላለህ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ከ120 ቁጥር ትጀምራለህ፤ 240፣ 400፣ 800 እያልህ በውኃ ትፈትጋለህ። ሞልድ አይመርጥም፤ የጣትህን አሻራ እንኳ ከተውህበት በሚወጣው ዕቃ ሁሉ ላይ ያትመዋል። አንድ ቀን ሰንፌ ያልፈተግሁት ጭረት ነበር፤ በአርባ አንድ ፓራፋንጎ ላይ አርባ አንድ ጊዜ ፈተግሁት።

ሦስተኛው ሰም ነው፤ ካርናውባው። ለአዲስ ሞልድ ቢያንስ አምስት ጊዜ፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ሰዓት እያስቀመጥህ፣ እየወለወልህ። ሲሊኮን ያለበትን የመኪና ፖሊሽ ተዉት፤ ጄልኮቱን እየሸሸ ዓይን ዓይን ያወጣል። በሰሙ ላይ ደግሞ ፖሊቪኒል አልኮል የሚባል በውኃ የሚሟሟ ቀጭን ሽፋን ቢጨመር ለጀማሪ ዋስትና ነው።

አራተኛው ጄልኮት ነው፤ ፊቱ የሚሆነው ወፍራም ሬዚን። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሁለት ጊዜ። ጣትህን ስታስነካው ተጣብቆ፣ ግን ጣትህ ላይ ካልቀረ፣ ማት ለማንጠፍ ደርሷል። መጀመሪያ ቀጭኑን ማት፣ 300 ግራም የሚባለውን፤ አየሩን በብሩሽ እየመታህ ታስወጣለህ። እሱ ከጠነከረ በኋላ 450ውን፤ በአንድ ቀን ከሁለት ንጣፍ በላይ አታንጥፍ። አንድ ካሬ ሜትር 450 ግራም ማት አንድ ኪሎ ገደማ ሬዚን ይጠጣል። ሞልዱ ከሚወጣው ዕቃ ሁለት ሦስት እጥፍ ይወፍር። ሬዚን ሲጠነክር ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሞልዱን ቸኩለህ ብታነሣው ይጣመማል። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ከነቅርጹ ይቆይ። ሲወጣ በብረት መፈልቀቂያ አይደለም፤ በእንጨት ሽብልቅና በውኃ ነው፤ የጎማ መንፊያም አየር በማስገባት ይረዳል።

አምስተኛው የእኛ የደጋ ነገር ነው። መመሪያው ላይ የተጻፈው ሁሉ ለሞቀ ፋብሪካ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት ሌሊት ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ፖሊኢስተር ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በወጉ አይጠነክርም፤ በማግስቱ እንደ ሙቅ ለስልሶ ታገኘዋለህ። እርጥበቱ ደግሞ ይጨምርበታል። ሃርድነር በማብዛት ልትሸውደው አትችልም። ልኩ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ከዚያ ቢያንስ አይበስልም፣ ቢበዛ ይጋልና ይሰነጠቃል። እኛ የምንሠራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። በክረምት የሬዚኑን ባልዲ እንደተከደነ ሌላ ቦታ በተሞቀ ውኃ ውስጥ ለብ እናደርገዋለን። ሌላ ቦታ ያልሁት በምክንያት ነው። በሬዚን ውስጥ ስታይሪን አለ፤ ከ31 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ተኑ በእሳት ይያያዛል። ክፍሉን ላሙቅ ብሎ የከሰል ማንደጃ ማስገባት ቤትን ማቃጠል ነው።

አሁን ደግሞ መናገር የሚከብደኝ አለ።

ሥራው ሲጀምር አንድ የሠፈር ልጅ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ሃርድነሩን የምንለካው ከመድኃኒት ቤት በገዛነው ሲሪንጅ ነው። አንድ ቀን ሲሪንጁ ጠበቀበት፤ ሲጫነው ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሃርድነር የምንለው ሜቲል ኢቲል ኬቶን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። መደረግ ያለበት ወዲያውኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ቧንቧውን ከፈትሁት፤ ውኃ የለም። ያን ሳምንት ውኃ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ለእንጀራ ያስቀመጠችውን የጀሪካን ውኃ አንሥታ፣ ራሱን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ እየጮኸ አጠበችው። ዓይኑ ተርፏል። ግን ማታ ማታ የመኪና መብራት ሲያይ ጭጋግ እንደሚሆንበት ይነግረኛል። መነጽሩ የስንት ብር ነበር? ከአንድ ጠርሙስ ሬዚን በታች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት የሞሉ ጀሪካኖች በር ላይ ሳይቀመጡ ሥራ አይጀመርም። የዓይን መነጽር ያላደረገ ሬዚን አይነካም። ሃርድነርና ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ በቀጥታ አይገናኙም፤ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተበት ነው የምንሠራው። እነዚህ ሕጎች ግድግዳችን ላይ በትልቁ ተጽፈዋል፤ የጻፋቸውም ያ ልጅ ነው። ዛሬ አጋሬ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ሞልድ ያወጣል።

ዛሬ ፓራፋንጎ፣ የውኃ ታንከር ክዳን፣ የአውቶቡስ ፓራውልት እንሠራለን። ሀብታም አልሆንሁም፤ ግን አራት ሰው እንጀራ ይበላበታል። ያ ባጃጅ ነጂም ደንበኛችን ነው፤ የመጀመሪያውን ደህና ፓራፋንጎ በነፃ ገጥሜለታለሁ።

ከግቢያችን መምህራን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በወርክሾፑ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለተበላሹ ሥራዎች ይሰጥ። ተመራቂ ሁሉ አንድ የከሸፈበትን ነገር፣ ከነምክንያቱ ከተጻፈ ወረቀት ጋር፣ ያምጣ። ያማረውን ተማሪው የትም ያየዋል፤ የከሸፈውን ግን ሁላችንም ደብቀነዋል። ሁለተኛ፣ በየሴሚስተሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ሸክላ ሠሪ፣ አንጥረኛ፣ ባትላሜራ ይጋበዙ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አስተማሪ ይቀመጡ። ሦስተኛው ይህ ደብተር ነው። የሦስት ዓመት ማስታወሻዬ ነው፤ የዕለቱ ሙቀት፣ የሃርድነሩ ልክ፣ ሬዚኑ ለመርጋት የፈጀበት ደቂቃ። የተለካው በቤት ሚዛንና በሞባይል ሰዓት ነውና ተማሪዎች በላብራቶሪ ደግመው ቢለኩት ለደጋው አገር ባለሙያ ሁሉ የሚሆን ሰንጠረዥ ይወጣዋል።

ደብተሩንም፣ ይህን ፓራፋንጎም ዛሬ እዚሁ ትቼ እሄዳለሁ። በመደርደሪያው ላይ የመጀመሪያው እሱ ይሁን። ወረቀቱን ጽፌበታለሁ፤ “ሰሙ ቀለጠ፤ ሃርድነር በዛ፤ አምስት ንጣፍ በአንድ ጊዜ። ዋጋው አንድ በግ።”

ከሻይ በኋላ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ንኩት። ሊለያየው የሚሞክር ካለም ይሞክር፤ እኔ አልቻልሁም።